ከምላጭ የተረፈው ዓመት

ጸጉር አስተካካይ ዝም ሲል እፈራለሁ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ምላጭ ይዞ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፣ እኔ አንገቴን ሰጥቼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፣ እሱ ትንፍሽ አይልም። ምን እያሰበ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? በበኩሌ ጎረቤቱን እያማ፣ ካስፈለገም እየዋሸ ቢላጨኝ ይሻለኛል።

ባለፈው ሰሞን ልጄ የወሰደኝ ጸጉር ቤት ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ አይደለም፣ ሁሉም የየራሱን ያወራል። የሚያስተካክለኝ ወጣት ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ሰክቶ ከሌላ ሰው ጋር እየተጫወተ ጨረሰኝ። ሲበቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አስነሳኝ። ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ገና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ታምሩ ናፈቀኝ። ታምሩና ያቺ አንዲት ዓመቱ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ታምሩ ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ኬክ ቤትና በአንድ ሰዓት ጠጋኝ መሃል የተወሸቀች ጠባብ ጸጉር ቤት ነበረችው። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ። እጁ ቀላል ነው። አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀላል። በንጉሡ ጊዜ ጸጉሩ ያላደገ ሰው ሁሉ ወሬውን ፍለጋ ገብቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ ራሴ መላጣ እየጀመረኝ በየሳምንቱ የምሄደው ለሌላ መስሏችኋል?

አብዮቱ መጣና የታምሩ ወሬ አለቀ። ምን ያውራ? ፖለቲካ አይወራ። ኑሮ ተወደደ አይባል፣ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው። እገሌ የት ገባ ብሎ መጠየቅማ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ቀን አንድ ምስኪን ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ «ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ጠፋ አይደል?» ብሎ ጀመረ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። ዝናብ ጠፋ ማለት ድርቅ አለ ማለት ሊሆን ነዋ! ከዚያ ወዲህ በዚያች ቤት የሚሰማው የመቀስ ድምፅ ብቻ ሆነ። ገብተን እንቀመጣለን፣ እንላጫለን፣ እንሄዳለን። ቀስ በቀስ የማንላጭ ሰዎች መምጣት አቆምን።

አሁን ስለ ወረቀት ላውራችሁ። ለምን ወረቀት አትበሉኝ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጸጉር አስተካካይ ምላጩን በሳበ ቁጥር አረፋውን የሚጠርግበት ወረቀት ያስፈልገዋል። ድሮ ታምሩ ለዚህ ጋዜጣ ነበር የሚጠቀመው። በኋላ ግን የትኛውንም ጋዜጣ ብትገልጡ ሊቀመንበሩ ቁጭ ብለው ያዩአችኋል። እሳቸው ፊት ላይ አረፋና ጢም መጥረግ የሚደፍር ማን አለ? ታምሩ አልደፈረም። ዶሮ ማነቂያ ወርዶ ከአንዲት ቆሎ ሻጭ አሮጌ ወረቀት በኪሎ መግዛት ጀመረ።

ያ ጊዜ ደግሞ የአሰሳ ጊዜ ነው። ቤት ለቤት ይፈተሻል። ፈረንጅኛ መጽሐፍ ቤቱ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው ስለማያውቅ፣ የሚያቃጥለው ያቃጥላል፣ የሚጥለው ይጥላል፣ የቀረው ቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። መጽሐፍ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ቆሎ ገዝተን በልተን መጠቅለያውን ደግሞ እናነብ ነበር፣ ካነበብን በኋላ እንጥለዋለን። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

አንድ ቀን ልላጭ ገባሁ። ታምሩ አረፋ ቀባኝና ወረቀት ሊቀድ እጁን ሲሰድ ዓይኔ ገጹ ላይ አረፈ። የሚቃጠል ከተማ ሥዕል ነው። ሰዎች ዕቃቸውን ጀልባ ላይ ይጭናሉ። ቆይ እስቲ አልኩትና መጽሐፉን ከነአረፋዬ ተቀበልኩት። እኔ ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተርጓሚ ነበርኩ፤ ከመመሪያ፣ ከሰርኩላርና ከቆሎ መጠቅለያ ሌላ ያነበብኩት ነገር ስላልነበረ መላጨቴን እንኳ ረሳሁት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የዓለም ታሪክ ከዓመት ዓመት በተራ የተጻፈበት ትልቅ መጽሐፍ ነበር። ነበር ነው የምለው። የፊተኛውን ግማሽ ታምሩ ጠርጎበት ጨርሷል። ግብጾች በአረፋ አልቀዋል። ግሪኮችም እንዲሁ። ሮም የወደቀችው በገና ዋዜማ ነው፤ የበዓል ገበያ ጥሩ ስለነበር በአንድ ቀን አለቀች። የኋለኛውን ግማሽ ደግሞ ሴትዮዋ ለታምሩ ከመሸጧ በፊት ቆሎ ጠቅልላበታለች። ሁለቱንም የዓለም ጦርነቶች ዶሮ ማነቂያ ቆርጥሟቸዋል። ከፊት ምላጭ፣ ከኋላ ቆሎ እየበላው መጥቶ፣ መሃል ላይ አንድ ዓመት ብቻ ሳይነካ ቀርቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1666።

እንግዲህ ያን ዕለት እኔ እያነበብኩ እየተረጎምኩ፣ ታምሩ እየላጨኝ፣ ዓመቱን አጋመስነው። ምላጩን የጠረገው በገዛ ፎጣው ነው። ስጨርስ ያየኝ አስተያየት አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ይሄንን ቢያወሩት ማን ያስራል አለኝ። እውነቱን ነበር። እነዚያ ሰዎች ከሞቱ ሦስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። አባል የሆኑበት ድርጅት የለም።

ታምሩ ያቺን ዓመት በቃሉ ያዛት። እንግሊዝኛ አያነብም፤ እኔ አንዴ ካነበብኩለት ግን አንድ ቃል አይጥልም። የቀረውን ደግሞ ከራሱ ይጨምርበታል። ከአብዮቱ ዓመት ከ1966 ጋር እንዳይምታታበት «ስድስት መቶ» የምትለዋን ጮክ አድርጎ ነው የሚጠራት። ደንበኛው ገና ፎጣው አንገቱ ላይ ሲታሰር፣ በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ለንደን ላይ የሆነውን ሰምተሃል ይለዋል። እንዴት አድርጎ ይስማ?

ለንደን ተቃጠለች። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ፉርኖ ቤት ነው። ፉርኖ ጋጋሪው ምድጃውን በደንብ ሳያጠፋ ተኛ። ከንቲባውን ቀስቅሰው ቢያሳዩት፣ ይቺንማ ማንም ያጠፋታል ብሎ ተመልሶ ተኛ። ሲነቃ ከተማው የለም። ታምሩ ይሄን ሲያወራ ከንቲባው ያዛጋበትን ሁሉ ያሳያል። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ የነበረው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲሰማ ቆየና፣ ይሄ ከንቲባ የምትለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ታምሩ እጁ አየር ላይ ቀረ። እንግሊዝ ነው ጓድ አለ። ኢምፔሪያሊስት? አዎ ጓድ። እንግዲያው ይቃጠል አለና ጉንጩን አዙሮ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ዓመቲቱ የቀበሌ ፈቃድ እንዳላት ቆጠርነው።

በዚያው ዓመት አንድ እንግሊዛዊ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው በወረርሽኝ ተዘግቶበት እናቱ ዘንድ ገጠር ገብቶ ተቀምጧል። ሥራ ፈትቶ የሚወድቅ ፍሬ ያያል፣ ብርሃንን በመስታወት ይሰነጥቃል፣ በኋላ የዓለምን ሳይንስ ገለበጠው። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ገጠር መግባት የሚለው ላይ ሲደርስ አግዳሚው ላይ ያሉት ዘማቾች የነበሩ ልጆች ይተያያሉ፣ አንዱም አይናገርም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ደግሞ ሊቃውንት ሰብስቦ፣ ተሰብሰቡና ተወያዩ ብሎ ደመወዝ ቆረጠላቸው። እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ እኛ እኮ እሑድ እሑድ በነፃ ነው የምንሰበሰበው ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ወዲያው ደንግጦ ሳሉን አመጣ። አንድ ጣሊያናዊ ወጣት ስሙን ያተመበትን ቫዮሊን ሠራ፤ ዛሬ ያንን ቫዮሊን የሚገዛው ሀገር ነው እንጂ ሰው አይደለም ይባላል።

ታምሩ ከሁሉ የሚወደው የሕንዱን ንጉሥ ነው። ለሞተችው ሚስቱ ያንን ነጭ መቃብር ያሠራው ንጉሥ፣ በገዛ ልጁ ከዙፋኑ ወርዶ ታስሮ፣ ከእስር ቤቱ መስኮት ወንዙን ተሻግሮ የሚስቱን መቃብር ሲያይ ሲያይ ኖሮ በዚያው ዓመት ሞተ። ታምሩ ይሄን ሲያወራ መቀሱ ይቆማል። ግማሽ የተላጩ ሰዎች ፊታቸው እስኪደርቅ ይጠብቁታል እንጂ ጨርስ አይሉትም። ቤቱ እንደገና ሞላ። ዝም ካልንበት ዘመን በኋላ የሰው ድምፅ መስማት እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይነሳል። የትኛውም ደንበኛ ሰምቶ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እኛስ? እኛ ያኔ ምን እያደረግን ነበር?» ይላል። መጽሐፉ ስለ እኛ አንድ መስመር የለውም። ታምሩ ይሄ ነገር ስለከነከነው ጊዮርጊስ ያሉትን መሪጌታ ክንፈን ሄዶ ጠየቃቸው። በ1666 ማን ነበር የነገሠው አላቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡና መለሱለት። ጎንደር ላይ ግንቡን ያሠሩት ንጉሥ ሞተው ልጃቸው ነግሠዋል፣ ጻድቅ ሰው ነበሩ አሉት። ታምሩ ለንደን እየተቃጠለች የእኛ ደግ ንጉሥ ጎንደር ላይ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠው እንዲውሉ አደረገ። ደንበኛ ሁሉ ደስ አለው።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ፒያሳ ዝናብ ሲመጣ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሁሉ ያገኘው በረንዳ ስር ይሸጎጣል። አንዲት ልጅ የታምሩ በር ላይ ተጠለለች። ታምሩ የሕንዱን ንጉሥ ጀምሮ ነበር። ዝናቡ አባራ። ከእሷ ጋር የተጠለሉት ሁሉ ሄዱ። ልጅቷ አልሄደችም። ምሕረት ትባላለች፣ ድልድዩ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ታምሩ የዚያን ቀን ደንበኛውን አንድ ጎን አጠር፣ አንድ ጎን ረዘም አድርጎ ሰደደው።

ሌላውን አልዘርዝርላችሁም፣ ገብቷችኋል። ችግሩ ምሕረት የአቶ ዳንኤል ልጅ መሆኗ ነው። አቶ ዳንኤል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሳሎናቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዘምሩበት ጊዜ ነበር። ለምሕረት የታሰበ ሰውም አለ ይባላል፣ ከቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ መሐንዲስ። ታምሩ ደግሞ የጊዮርጊስ ደብር ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል ያቆመ ጸጉር አስተካካይ። እሷ አባቷ ካልፈቀዱ አላደርገውም ብላዋለች። ሽማግሌ ላክ፣ እምቢ ካሉህ ግን እኔ ሳላውቅህ እንደኖርኩ እኖራለሁ አለችው። ታምሩ ይሄን ሲነግረኝ ምላጩን ጉንጬ ላይ ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ሳበው። እስከዚያ ቀን ድረስ እሱን ፈርቼ አላውቅም።

ሽማግሌ ሆነን የሄድነው መሪጌታ ክንፈ፣ የታምሩ ቤት አከራይ የነበሩት አቶ ይልማና እኔ ነን። እኔ ሽማግሌ የተባልኩት በመላጣዬ ነው። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ቃል ካልተሰጠን አንቀመጥም ብለን ቆምን። አቶ ዳንኤል ደንብ ጠፍቷቸው ነው ወይስ አውቀው፣ እንደፈለጋችሁ ብለው እሳቸው ተቀመጡ። ቆመን ቀረን። መሪጌታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ትንሽ ቆይተው ማንም ሳይለምናቸው ወንበር ሳቡ።

አቶ ይልማ ስለ ልጁ ጠባይ አወሩ። ስለ ሙያው አወሩ። በመጨረሻ አቶ ዳንኤል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ልጄ መጽሐፍ እያየች ያደገች ናት፣ ከዚህ ሰው ጋር ቁጭ ብላ ምን ትጫወታለች አሉ። አቶ ይልማ በዚህ ጊዜ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የዓለምን ታሪክ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነው እኮ! አሉ። እግራቸውን ልረግጥ ብሞክር ሩቅ ነው። አቶ ዳንኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። የትኛውን ታሪክ አሉ። ሁሉንም አሉ አቶ ይልማ።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱኑ ይዛችሁት ኑ» አሉን።

ልጅ ጠያቂ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። መሪጌታ መንገዱን ሙሉ፣ ሙሽራ ለፈተና ሲቀርብ ይኸው አየሁ እያሉ ሄዱ። እኔ ግን ለታምሩ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ነው የማስበው። ይሄ ሰው የሚያውቀው አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያለው አረፋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቆሎ ነው። አቶ ዳንኤል አንድ ዓመት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ፈቀቅ ካሉ አበቃ።

ያን ሳምንት ስናጠና ሰነበትን። ዘዴያችን አንድ ነው፤ ምንም ቢጠየቅ ወደ እሳቱ መውሰድ። እኔ አቶ ዳንኤልን ሆኜ እጠይቀዋለሁ። ስለ ፈረንሳይ አብዮት ንገረኝ እለዋለሁ። ፈረንሳይ ሲነሳ፣ ከአብዮቱ አስቀድሞ ሊቃውንቱን የሰበሰበው ንጉሥ ትዝ ይለኛል፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ለንደን... እያለ ይወስደዋል። ስለ ጃፓን? ጃፓንም ቤቶቹ የእንጨት ናቸው ይባላል፣ እንጨት ሲባል ለንደን... ይላል። ስለ ውቅያኖስ ብጠይቀው እንኳ ውኃ የሚያስፈልገው ለእሳት ነው ብሎ ለንደን ገባ። ሳቅን፣ ግን ሳቁ አልዘለቀም። ታምሩ ክብደት ቀነሰ። እሷን ካጣሁ ይቺን ዓመት ዳግመኛ አላወራትም አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ታምሩ ራሱን ሲላጭ አገጩን ቆርጦ፣ ቁስሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ መጣ። ምሕረት ሻይ አቀረበችና በሩ ጋ ቆመች። አባቷ ሂጂ አላሏትም። እኛ ጥያቄውን ስንጠብቅ አቶ ዳንኤል ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የምትወደውን ዘመን አንተው መርጠህ አጫውተኝ አሉት።

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። ታምሩ ጀመረ። እንደዚያን ቀን አድርጎ አውርቶት አያውቅም። ፉርኖ ጋጋሪው ተኛ፣ ከንቲባው አዛጋ፣ ከተማዋ ተቃጠለች። ተማሪው ብርሃኑን ሰነጠቀ። የሕንዱ ንጉሥ ላይ ሲደርስ በሩ ጋ ያለችውን እያየ ነው ያወራው፣ አቶ ዳንኤልም አዩት። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ብቻ ጭንቅላታቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። ሲጨርስ እኔ በልቤ ዳርነው ብያለሁ። አቶ ይልማማ አቀማመጣቸውን አስተካክለው ለምርቃት ተዘጋጅተዋል።

አቶ ዳንኤል ሻያቸውን ፉት አሉ።

«መልካም። እኛስ ያኔ ምን ላይ ነበርን?»

ታምሩ ፈገግ አለ። ይሄንን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆታል! ያኔማ ጎንደር ላይ ግንቡን ያሠሩት ንጉሥ አርፈው ልጃቸው ነግሠው ነበር አለ። ጻድቅ ሰው ነበሩ ብሎ ጨመረበት።

አቶ ዳንኤል ስኒውን አስቀመጡ። ማን ነገሠ? ልጃቸው። አባትየውስ? ሞተዋላ ጋሼ። መቼ? ታምሩ ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ጣሪያውን ያያሉ።

አቶ ዳንኤል ተነሱ። ያ ንግግር የማያበዛ ሰው ክፍሉን እየዞረ መናገር ጀመረ። በፈረንጅ 1666 ማለት በእኛ ሃምሳ ስምንትና ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ነው፣ አባትየው በሕይወት አሉ፣ ግንባቸው ውስጥ ቁጭ ብለዋል፣ አንተ ሰውየውን ከነነፍሳቸው ቀበርካቸው አሉ። መሪጌታ በዚህ ጊዜ አላስቻላቸውም። በ1666 የነገሡት ልጅየው ናቸው፣ ታሪኩ ይኸው ነው አሉ። በእኛ አቆጣጠር አሉ አቶ ዳንኤል። ታዲያ እኔ ደብሬ ቁጭ ብዬ በማን አቆጣጠር ልቁጠር አሉ መሪጌታ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የተሳሳተው ሁለቱን ያጋባው ታምሩ ነው።

አቶ ዳንኤል ስኒዎቻችንን ከፊታችን ሰበሰቡ። ይሄ ለንደን ነው፣ ይሄ ጎንደር። የስኳር ዕቃው ሕንድ ሆነ። ሻያችንን ሳንጠጣ ነገሥታት ሆኖ ቀረ። ከጎንደር ተነስተው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ፖርቱጋሎቹን አባረሩ፣ ወደ ፊት መጡ። ታምሩ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ ብሏል። አገጩ ላይ ያለው ወረቀት ወድቆ ደሙ ኮሌታው ላይ ይንጠባጠባል፣ አላወቀውም። ምሕረትን አየኋት። መጀመሪያ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ኋላ ግን አባቷን አየች፣ እንደገና አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነበር።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ላይ ከወረደች በኋላ አቶ ዳንኤል ደክሟቸው ተቀመጡ። ላብ በላብ ሆነዋል። ታምሩ ተነሳና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ላስቸግርዎት አልነበረም የመጣሁት ብሎ ኮፍያውን አነሳ። እኛም ተነሳን። ያለቀ ነገር ነው። አቶ ዳንኤል ግን እሱን ትተው እኛን ነው ያናገሩት።

«ይሄ ልጅ ምንም አያውቅም» አሉ። «በየእሑዱ ይምጣ።»

መሪጌታ ነገሩ ስላልገባቸው፣ ለትምህርቱ ነው ወይስ ለጋብቻው ብለው ጠየቁ። ለሁለቱም አሉ አቶ ዳንኤል።

ምክንያቱን በኋላ የነገረችኝ ምሕረት ናት። አባቷ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩት የታዘዙትን ነው። ተማሪው ሁሉ ተነስቶ፣ ልክ ነው ጓድ መምህር ይላል። የሚከራከር የለም፣ የሚሳሳትም የለም፤ መሳሳት ያስፈራ ነበር። ያ መሐንዲስ እንኳ ሦስት ጊዜ መጥቶ ያሉትን ሁሉ፣ እውነትዎን ነው ጋሼ እያለ አሰለቻቸው። አቶ ዳንኤል ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በድፍረት ተሳስቶ እንዲያርሙት ሲናፍቁ ኖረዋል። ታምሩ በራቸው ድረስ አንድ ንጉሥ በቁሙ ቀብሮ መጣላቸው።

የሃይማኖቱ ነገር ሁለቱንም ቤት ጥቂት አስኮረፈ። ኋላ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙና ኩርፊያው በሠርጉ ዳቦ አለቀ። መሪጌታም በአንድ ጠረጴዛ ከአቶ ዳንኤል ጋር ተቀምጠው ስለ ዘመን አቆጣጠር ሲከራከሩ ሙሽሮቹን ማን እንደሸኛቸው አላዩም።

ታምሩ እሑድ እሑድ መሄዱን ቀጠለ። አንድ ቅዳሜ ጸጉር ቤቱ ስገባ ደንበኛ የለም፤ ታምሩ ከአማቱ የተዋሰውን መጽሐፍ ገልጦ ላቡ እስኪወጣ ያጠናል። ጎበዝ ሆንክ አልኩት። ምን ጎበዝ አለኝ፣ ለነገ የምሳሳተውን እየፈለግኩ ነው። ለካ አቆጣጠሩ ገና በሁለተኛው እሑድ ገብቶታል። ግን ትክክሉን መለሰና አማቱ ፊታቸው ጠቆረበት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ስህተት ያዘጋጃል። አንድ እሑድ አንዱን ንጉሥ ያለ ጊዜው ይገድላል፣ ሌላ እሑድ አንዱን ጦርነት ለተሸናፊው ይሰጣል። ጥሩ ስህተት ከባድ ነው አለኝ፣ ትክክሉን በደንብ ካላወቅህ አይወጣልህም። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ሰው ፒያሳ ውስጥ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሆነ። እኔም ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ ያ ደግ ልጅ የዋሁን ሽማግሌ እንዴት አድርጎ እንደሚያስደስታቸው አወራ ነበር።

ዛሬ የዚያ መንገድ መልክ ተለውጧል። ዶሮ ማነቂያም የለ። ጸጉር ቤቷ የት ጋ እንደነበረች ለልጄ ላሳየው ሄጄ፣ ቆሜ ዙሪያዬን ሳይ ቆይቼ ተመለስኩ። ከዚያ ቤት ከሰማሁት ሁሉ የማልረሳው አንድ ነገር ነው። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነው፣ አቶ ዳንኤል ጡረታ ወጥተዋል። ተራዬን አግዳሚው ላይ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ አረፋ ተቀብተው ተቀምጠዋል። ታምሩ ሙቅ ውኃ ሊያመጣ ኬክ ቤት ገባ። ወሬ ለማስጀመር ያህል፣ አማችዎ አሁንም ይሳሳታል ወይ አልኳቸው። ሳቄን እየዋጥኩ ነው የጠየቅኳቸው፣ እሳቸው አያውቁም ብዬ።

በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«በየሳምንቱ» አሉ። «ተጠንቶ፣ ተለፍቶበት ነው የሚመጣው። እኔም ቅዳሜ ማታ ምን ሊሳሳት እንደሚችል እያሰብኩ ነው የማነበው፣ እንዳላፍርበት።»

ከዚያ በሩን አየት አደረጉ፣ ታምሩ አልደረሰም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ሲወራ እንደሚደረገው።

«ከልቡ የተሳሳተው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ልጄን የሰጠሁት ለዚያ ለተሳሳተው ነው፤ የቀሩትን ስህተቶችማ የሚያመጣልኝ አንድ ሌላ ሰው ነው፣ ታሪክ አዋቂ።»